ስም አውጪው ገበሬ፦ ቅጽል ስም ከየት ይመጣል? ምንስ ይጠቅማል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ ቀን የሚቀርብ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግብዓት አቅርቦት፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ምርት ግብይት ነው። የዚህ አጭር ንግግር ርዕስ ግን ቅጽል ስም ነው። ርዕሱ ለጨዋታ የተመረጠ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በማኅበር መጋዘን ውስጥ የሚቀመጠው ዘር፣ ማዳበሪያና ኬሚካል አብዛኛው ሁለት ስም አለው። አንዱ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሲሆን ሌላው ገበሬው የሚጠራበት ነው። ሁለቱ ስሞች ሳይገናኙ ሲቀሩ የአንድ ዓመት አዝመራ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የበዓል ጨዋታም፣ የሥራ ጉዳይም ነው።

የሰው ቅጽል ስም

ለአገራችን ገበሬ ስለ ስም መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ ስም ያወጡለታል፤ ክርስቲያን ከሆነ ክርስትና ሲነሣ ሌላ ስም ይጨመርለታል። ቅጽል ስምን የሚያወጣው ግን አገር ነው። አንዱ ሰው በዕድር ወይም በደቦ ላይ ይናገረዋል፤ የሰሙት ይስቃሉ ወይም “እውነትም!” ይላሉ፤ በማግስቱ ገበያ ላይ ይደገማል። አገሩ ካልተቀበለው እዚያው ይቀራል። ከተቀበለው ደግሞ ባለቤቱ ቢቆጣም አይለቀውም፤ እንዲያውም በተቆጣ ቁጥር ይጠብቅበታል።

በታሪካችን ከቅጽል ስሞች ሁሉ የከበረው የፈረስ ስም ነው። ጀግናው በሚጋልበው ፈረስ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ “አባ ታጠቅ”፣ ዐፄ ዮሐንስ “አባ በዝብዝ”፣ ዐፄ ምኒልክ “አባ ዳኘው”፣ ራስ አሉላ “አባ ነጋ” ተብለዋል። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ “አባ መላ” ይባሉ ነበር፤ በፍርድና በምክር አዋቂነታቸው ስለታወቁ ስሙ ገጥሟቸዋል። የራስ መኰንን የፈረስ ስም “አባ ቃኘው” ነበር። ራስ መኰንን ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር “ቃኘው” ተብሎ በዚያው ስም ተጠርቷል። የፈረስ ስም ከፈረሱም ከጋላቢውም ዕድሜ በላይ ኖረ ማለት ነው።

በገጠሩ ኑሮ ቅጽል ስም ሌላም ሥራ አለው። በአንድ ቀበሌ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎች ይገኛሉ። ያን ጊዜ አገሩ “ረጅሙ”፣ “ጥቁሩ”፣ “የወንዝ ማዶው” እያለ ይለያቸዋል። የሒሳብ ሹሙ በደረሰኝ ላይ ስሙን ብቻ ጽፎ ቢተው የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ፣ የአንዱ የትርፍ ድርሻ በሌላው ስም ሊመዘገብ ይችላል። ከአያት ስምና ከአባልነት ቁጥር ጋር ቅጽል ስሙም ቢጻፍ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

የዕቃና የዘመን ቅጽል ስም

ዕቃ ቅጽል ስም የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከመጣበት ቦታ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የገባው ዛፍ በባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ “ባሕር ዛፍ” ተባለ። ዛሬ ከእርሻ ዳር እስከ ቤት ማገር አብሮን ስላለ እንግድነቱ ተረስቷል፤ ስሙ ግን መጤነቱን እስካሁን ይመሰክራል። በቆሎም በአንዳንድ አካባቢ “የባሕር ማሽላ” ይባላል። ገበሬው አዲሱን እህል ሲያይ ከሚያውቀው ማሽላ ጋር አመሳሰለው፤ ከሩቅ መምጣቱን ለማመልከትም “የባሕር” አለው።

አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ በመጀመሪያ ባመጣው ድርጅት ስም ተጠርቶ ይቀራል። ባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ “ባጃጅ” የተባለው በሠሪው ኩባንያ ስም ነው። “ሃይላንድ” የታሸገ ውኃ መጠሪያ ነበር፤ አሁን ግን ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ “ሃይላንድ” ይባላል። ይህ “ሃይላንድ” የሚለው ስም ከታች ይነሣልና አድማጭ በልቡ ይያዘው።

ዘመንም ቅጽል ስም ይወጣለታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው የከብት እልቂትና ረሃብ “ክፉ ቀን” ተብሎ ቀርቷል። የ1977ቱን ድርቅም ሕዝቡ “ሰባ ሰባት” ብሎ በቁጥር ብቻ ይጠራዋል። ቁጥሩ ሲጠራ ያዩት ሰዎች ዝም ይላሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቅጽል ስም የገበሬው መዝገብ ነው

በእርሻ ላይ የሚወጣ ቅጽል ስም ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ እውቀት ነው። ገበሬው ቦራ፣ ቡሬ፣ ዳለቻ ብሎ በሬውን ሲጠራ መልኩን እየመዘገበ ነው፤ በሬው ቢጠፋ አፈላላጊው በስሙ ብቻ ያውቀዋል። የማሽላ ጠላት የሆነው ጥገኛ አረም “አቀንጭራ” ይባላል። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አገናኝቶ ምግብና ውኃ ስለሚስብ ማሽላው ይቀነጭራል። አረሙ ገና ከመሬት ሳይወጣ ጉዳት እንደሚያደርስ ያላወቀ ሰው እንኳ ስሙን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ፓርቴኒየም የተባለውን መጤ አረም “ፈረምሲሳ” ብሎታል፤ “አስፈራሚ” እንደ ማለት ነው። አረሙ ማሳውን ሲወርረው ባለመሬቱ ፈርሞ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ የለውም ለማለት ነው። ይህን አንድ ቃል የሰማ ባለሙያ የአደጋውን መጠን ለመረዳት ረጅም ሪፖርት ማንበብ አያስፈልገውም። በአማርኛ ደግሞ ይኸው አረም “ቅንጬ አረም” ይባላል። የሐረርጌና የወሎ ገበሬዎች ተገናኝተው በየስማቸው ቢነጋገሩ ስለ አንድ አረም እያወሩ መሆናቸውን ላያውቁ ይችላሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው የማሽላ ስም ነው። በወሎ ከጥንት ጀምሮ ከሚዘሩት የማሽላ ዓይነቶች መካከል “ወተት በጉንጬ”፣ “ማርጩቄ” እና “ስንዴ ለምኔ” የሚባሉ አሉ። የመጀመሪያው ወተት የጎረሱ ያህል ነው ይላል፤ ሁለተኛው በማር ይጀምራል፤ ሦስተኛው “ይህ እያለልኝ ስንዴ ምን ያደርግልኛል” ብሎ ይፎክራል። ምርታቸው ከሌላው ማሽላ ያነሰ ቢሆንም ገበሬው አልተዋቸውም፤ ከሌላው ጋር እያቀላቀለ ይዘራቸውና እሸታቸውን ጠብሶ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ሁለት የኢትዮጵያ ዝርያዎች ላይሲን በሚባለው ንጥረ ነገር ከሌሎቹ እጅግ በልጠው እንደተገኙ አሳወቁ። ላይሲን የሰውን አካል ከሚገነቡ የፕሮቲን ክፍሎች አንዱ ሲሆን ማሽላ በባሕርዩ የሚጎድለው ይኸው ነው። ወተት ግን በላይሲን የበለጸገ ነው። ተመራማሪው በላቦራቶሪ የለካውን ገበሬው በጉንጩ ለክቶ “ወተት” ብሎት ነበር። በእንዲህ ያለ ስም የሚስቅ ባለሙያ ካለ የራሱን ትምህርት መልሶ ቢያይ ይሻላል።

የምርምር ማዕከል ስምና የገበያ ስም

በሌላ በኩል ከምርምር የሚወጣ ዘር ፊደልና ቁጥር ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ ባዶ አይደለም። “ቢኤች 660” በሚለው የበቆሎ ስም ውስጥ “ቢኤች” ማለት የባኮ ዲቃላ ማለት ነው፤ ገበሬው ግን ፊደሉን ትቶ “ስድስት መቶ ስልሳ” ይለዋል። የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋሙ ከተመረጡት ቡናዎች አንዱ 74110 ይባላል፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

ጤፍንም እንይ። ከደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አንዱ “ዲዜድ-01-196” ሲሆን የሚታወቀው “ማኛ” በሚለው ስሙ ነው። ነጭነቱ ገበያ የሚስብ ቢሆንም ምርቱ አነስተኛ ነበር። “ዱከም” የተባለው “ዲዜድ-01-974” ደግሞ ምርቱ ከፍ ያለ ነው። ማዕከሉ ሁለቱን አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ2006 “ዲዜድ-ሲአር-387” የተባለውን ለቀቀ። ይህን ሁሉ ፊደልና ቁጥር ይዞ ገበያ የሚሄድ ሰው የለም። ዝርያው “ቁንጮ” ተባለ። ስሙ አጭር ነው፤ ትርጉሙም “ከሁሉ በላይ” ስለሆነ ገበሬው ወዲያው ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሆለታ የወጣው ድንችም “በለጠ” ተብሏል። ጥሩ ስም ዘሩን ከማሳ ወደ ማሳ ያሻግረዋል።

ሆኖም ስም ሲሻገር ይሰፋል። “ማኛ” ዛሬ በገበያ ላይ የአንድ ዝርያ ስም መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም ምርጥ ነጭ ጤፍ መጠሪያ ሆኗል። ለቤት ፍጆታ የሚገዛ ሰው በዚህ አይጎዳም። ለዘር የሚገዛ ገበሬ ግን “ማኛ ነው” ተብሎ የወሰደው ጤፍ በእርግጥ ምን ዝርያ እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ለየትኛው አፈር እንደሚስማማ ማወቅ አይችልም።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ የስንዴ ዋግ አሳይቷል። ዋግ ዝርያ መርጦ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን በሰፊው ሲነሣ “ቁብሳ” የተባለው ስንዴ ክፉኛ ተመታ። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ “ዲገሉ” ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ደግሞ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ራሱን ዲገሉን አጠቃ። እንዲህ ባለ ጊዜ “ዲገሉ የዘራችሁ ማሳችሁን ፈትሹ” የሚል መልእክት ሲተላለፍ የዘራውን በስሙ የሚያውቅ ገበሬ ይፈትሻል፤ በጊዜ ይረጫል። ዘሩን “ምርጥ ዘር”፣ “ነጩ”፣ ወይም “ከእገሌ ያመጣሁት” እያለ ብቻ የሚጠራው ግን መልእክቱ ለእሱ መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው ማሳው ቀልቶ ሲያየው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይዘገያል።

አደገኛ ቅጽል ስሞች

አሁን ወደ መጋዘኑ እንግባ። አንዳንድ አባላት የአረም ማጥፊያን ሁሉ “ቱፎርዲ” ሲሉ ይሰማል። ቱፎርዲ የአንድ ኬሚካል ስም ነው። በጤፍና በስንዴ ውስጥ የሚበቅለውን ቅጠለ ሰፊ አረም ያጠፋል፤ ጤፉንና ስንዴውን በልኩና በጊዜው ከተረጨ አይነካም። ባቄላ፣ ሽምብራና ኑግ ግን ራሳቸው ቅጠለ ሰፊ ስለሆኑ ቢነካቸው ይጎዳቸዋል። ግላይፎሴት የተባለው ደግሞ ያገኘውን አረንጓዴ ተክል ሁሉ፣ ስንዴውንም ጤፉንም፣ ያደርቃል። ሁለቱም በአንድ ስም ከተጠሩ አንድ ቀን የተሳሳተው ጣሳ ከመጋዘን ይወጣል። በሳምንቱ ማሳው ይደርቃል፤ ጥፋቱንም ገበሬው በዘሩ ወይም በማኅበሩ ላይ ያደርገዋል።

ከዚህ የባሰው ቅጽል ስም “መድኃኒት” የሚለው ነው። “የተባይ መድኃኒት”፣ “የአረም መድኃኒት”፣ “የነቀዝ መድኃኒት” ማለት ለምደናል። መድኃኒት የሚለው ቃል ሰውን የሚያድን ነገር ስለሚያሳስብ ብዙ ሰው ኬሚካሉን በቤቱ ውስጥ፣ ከእህልና ከልብስ ጋር፣ ልጆች በሚደርሱበት ያስቀምጠዋል። ለማሳ የተገዛውን ለቁንጫና ለቅማል የሚጠቀምበትም አለ። እውነተኛ ስሙ መርዝ ነው። አባቶች መርዝ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ “መድኃኒት” የሚለው ስም አስረስቷል።

እዚህ ላይ “ሃይላንድ” ይመለሳል። ኬሚካል በሊትር ተገዝቶ ለሁለት ለሦስት ጎረቤት ሲከፋፈል የሚቀዳው በምን ነው? በሃይላንድ ነው። ጠርሙሱ ምልክት የለበትም፤ አንዳንዱ ኬሚካል ከውኃ ወይም ከሻይ በመልኩ አይለይም። ልጅ ደግሞ “ሃይላንድ” የሚለውን ስም የሚያውቀው ውኃ ተብሎ ነው። ሁለት ቅጽል ስሞች፣ “መድኃኒት” እና “ሃይላንድ”፣ በአንድ ጠርሙስ ሲገናኙ የተጠማ ልጅ ከዚያ ጠርሙስ እንዳይጠጣ የሚከለክለው አንድም ነገር የለም። ኬሚካል ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ፈጽሞ መገልበጥ የለበትም።

ማዳበሪያም እንዲሁ የስም መዘበራረቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ዳፕ በኤንፒኤስ መተካት ጀምሮ ነበር፤ በየቀበሌው ግን ኤንፒኤስን “ዳፕ” ብሎ የሚጠራው ብዙ ነበር። ዳፕ በመቶው 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፌት ሲይዝ ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ ይይዛል። በአሮጌው ስም የሚጠራ ሰው በአሮጌው ልክ ይበትናል፤ ዋጋውንም ከአሮጌው ጋር እያስተያየ ከማኅበሩ ጋር ይከራከራል።

ሰውን የሚያጎድል ስም

ስለ ሰውም የሚጨመር አለ። ማረሻውን የሚቀጠቅጥ፣ ማጭዱን የሚስል፣ እንስራውን የሚሠራ ባለሙያ በብዙ አካባቢ “ቡዳ” ሲባል ኖሯል። ገበሬው ያለ ማረሻ አይውልም፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን ከማዕዱ ያርቀዋል። እንዲህ ያለ ቅጽል ስም ሙያውን ያደኸያል፤ የባለሙያው ልጅ የአባቱን ሥራ ይሸሻል፤ በመጨረሻም ማረሻ የሚያሳድስ ገበሬ ሰው ያጣል። ማኅበር በአንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ በውስጡ በስሙ የሚያፍር አባል ሊኖር አይገባም።

ሌላው “የእገሌ ባለቤት” የሚለው ነው። ለጨዋነት የሚባል ስለሆነ ማንም እንደ ቅጽል ስም አይቆጥረውም። በመዝገብ ላይ ሲጻፍ ግን የሴቲቱን ስም ያጠፋል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፤ በማኅበር መዝገብ ላይ ግን ዕጣ የገዛችና ምርት ያስገባች ሴት “የእገሌ ባለቤት” ተብላ ከተጻፈች፣ ባልየው ቢሞት ወይም ቢለያዩ የማንነቷን ማስረጃ ለማምጣት ትጉላላለች። በስሟ ጽፎ ደረሰኝ መስጠት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ምን ይደረግ?

ቅጽል ስም ይቅር ማለት አይቻልም፤ ቢቻልም አይጠቅምም። “ወተት በጉንጬ” ቢጠፋ የስንት ትውልድ እውቀት አብሮ ይጠፋ ነበር። የሚያስፈልገው ሁለቱን ስሞች አጎራብቶ መጻፍ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ለመሠረታዊ ማኅበራትና ለሚመለከታቸው የወረዳ ኃላፊዎች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ዘር ሲከፋፈል በደረሰኙ ላይ የዝርያው ትክክለኛ ስምና የተመረተበት ዓመት ይጻፍ፤ ከከረጢቱ ጋር የሚመጣውን ካርድ ገበሬው እስከ አጨዳ ድረስ እንዲያስቀምጠው ይነገረው።

ሁለተኛ፣ በየማኅበሩ አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ በአካባቢው ያሉ የሰብል፣ የአረምና የበሽታ ቅጽል ስሞች ከነትርጉማቸው ይመዝገቡ፤ በአጠገባቸውም ትክክለኛው ስም ይጻፍ። ይህን የሚነግሩት አረጋውያን ናቸውና ጊዜ ሳያልፍ ይጠየቁ።

ሦስተኛ፣ በመጋዘንም በስብሰባም ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካል “መርዝ” ተብሎ ይጠራ፤ በሃይላንድ ለሚቀበል ሰው አይሰጥ።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ አባል፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ባለሙያም ሆነ አራሽ፣ ራሱ በሚቀበለው ስም ይመዝገብ።

ዩኒየኑ ራሱም ቅጽል ስም ይወጣለታል። በየገበያው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አባላቱ ያውቁታል። ያን ስም ማንም ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ አይወስነውም። የሚዛኑ ትክክለኛነት፣ የማዳበሪያው በወቅቱ መድረስና የትርፍ ክፍፍሉ ግልጽነት ያወጡታል። ስም ከመቃብር በላይ ነውና በመጪዎቹ ዓመታት መልካም ስም የሚያወጣ ሥራ እንዲሠራ የሁሉም አደራ ነው።

በዓሉ የሰላም፣ አዝመራው የበረከት ይሁን!